«ፈረሴ ሣሩን አላምጦ ይተፋዋል»

ጥያቄ

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰበታ ዳር ነው። አባቴ ከ3 ዓመት በፊት ሲያርፍ አንድ ዳማ ፈረስና አንድ ጋሪ ትቶልን ሄደ። እናቴ በዕድሜ ገፍታለች፣ ወንድሞቼም ሩቅ ናቸው፤ ስለዚህ ፈረሱ በእኔ እጅ ነው። እኔ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጋሪውን የሚነዱት የአባቴ የቅርብ ወዳጅ የነበሩ ጋሼ ናቸው። ጠዋት ይወስዱታል፣ ማታ ይመልሱታል፣ ድርሻችንንም በየቀኑ ይሰጡናል። ያቺ ብር የእናቴ የመድኃኒት መግዣ ናት።

ከመስቀል ወዲህ ዳማ እየከሳ ሄደ። የጎን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። መብላቱን ይበላል፤ ግን ቀስ እያለ ነው፣ ሲያላምጥም አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያደርጋል። ጠዋት ጋጣውን ስጠርግ ጉርሻ የሚያህል የተድቦለቦለና ለሃጭ የነካው ሣር መሬት ላይ አገኛለሁ። ጋሼም ልጓም ሊያስገቡለት ሲሉ ራሱን ይነጥቃቸዋል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሁለት ጊዜ አምጥቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አንገቱ ላይ መርፌ ወግቶት፣ ለትል የሚሆን ክኒን ሰጥቶኝ ሄደ። አምስት ደቂቃ አልቆየም። ምኑን ነው ያመመው ብዬ ስጠይቀው «ድካም ነው፣ ዕድሜም አለ» አለኝ። አባቴ ሲገዛው 4 ዓመቱ ነበር፤ አሁን 13 ሆኖታል።

ጋሼ ደግሞ «ላንቃው ወርዷል፣ መብላት ያቃተው ለዚህ ነው» ብለው ለፊታችን እሑድ ላንቃውን የሚበጣና በጋለ ብረት የሚተኩስ ሰው ሊያመጡ ነው። ባይሆን ይሻላል ስላቸው «አባትሽ እያለ በዳማ ጉዳይ ተናግረሽ ታውቂያለሽ? ሴት ልጅ ስለ ፈረስ ምን ታውቃለች?» አሉኝ። እውነትም ስለ ፈረስ አላውቅም። ጋሼን ማስቀየም አልፈልግም፤ ዳማንም ሲያሠቃዩት ቆሜ ማየት አልችልም። ምን ላድርግ?

ባለ ዳማዋ፣ ከሰበታ

መልስ

እህቴ፣ «አላውቅም» ብለሽ የጨረስሽውን ደብዳቤ እስቲ መልሰሽ አንብቢው። ቀስ እያለ ይበላል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ የተላመጠ ሣር ይጥላል፣ ልጓም ሲቀርብለት ራሱን ይነጥቃል፣ እየከሳ ነው። ፈረስ የሚያውቅ ሐኪም ምርመራውን ከመጀመሩ በፊት ባለቤቱን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ አንቺ ግን ሳትጠየቂ ጽፈሽዋል። ጋጣ የሚጠርግ ሰው የሚያየው ነገር አለ፤ ጋሪ ላይ የተቀመጠ ሰው ከኋላ ሆኖ አያየውም። ጋሼ የሚያውቁት አንቺ የማታውቂው ነገር እንዳለ ሁሉ፣ አንቺም የምታውቂው እሳቸው ያላዩት አለ።

የእሑዱ ነገር ጊዜ ስለማይሰጥ ከእሱ ልጀምር። እባክሽ አስቀሪው።

ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ያለው የላንቃ ሥጋ በብዙ ፈረስ ላይ ጎላ ብሎ ይታያል። በተለይ ከ2 ዓመት ተኩል እስከ 4 ዓመት ተኩል፣ የወተት ጥርሱ እየወደቀ አዲሱ በሚወጣበት ጊዜ፣ ያብጥና ከጥርሱ እኩል ይሆናል፤ አንዳንዴም ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ጥርሱ ወጥቶ ሲያልቅ በራሱ ይመለሳል። የበጣው ሰው «ዳነ» የሚባልለትም ለዚህ ነው፤ ባይነካውም ይድን ነበር። ዳማ ግን 13 ዓመቱ ነው። የፈረስ ጥርስ በ5 ዓመቱ ሞልቶ ያልቃልና የዳማን መክሳት በላንቃ መውረድ ማስረዳት ይከብዳል። ደግሞ አስቢው፤ ዳማ ሣሩን በፊት ጥርሱ ነጭቶ ወደ ውስጥ ማስገባት አላቃተውም። የሚጥለው ካላመጠው በኋላ ነው። የሚያመው ቦታ ወደ ኋላ፣ መንጋጋው ጋ ነው ማለት ነው።

መበጣቱ የሚያመጣው ጉዳት ግን እውነተኛ ነው። በላንቃው ግራና ቀኝ ትልልቅ የደም ሥሮች ይሄዳሉ፤ ምላጩ አንዱን ከነካው ደሙን ለማቆም በጣም ያስቸግራል። የተተኮሰ ላንቃ ያለው ፈረስ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ አይበላም። በዚያ ላይ ፈረስ ለመንጋጋ ቆልፍ እጅግ ከሚጋለጡት የቤት እንስሳት አንዱ ነው፤ ጀርሙ በአፈርና በፋንድያ ውስጥ ይኖራል፣ በቁስል በኩል ይገባል፣ አንዴ ከያዘው የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንጥል ማስቆረጥንና የሕፃናት የወተት ጥርስ መንቀልን ታስታውሺያለሽ አይደል? ያደርጉት የነበሩት እናቶች ልጃቸውን ጠልተው አልነበረም። ጋሼም ዳማን ጠልተው አይደለም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጋሼ «ሴት ልጅ ምን ታውቃለች» ሲሉ ያስቆጣቸው የአንቺ መናገር ብቻ ይመስልሻል? ዳማ ቆመ ማለት የእሳቸውም የዕለት ጉርስ ቆመ ማለት ነው። እሑድ ተበጥቶ ሰኞ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ተስፋ አድርገው ይሆናል። የአባትሽን ስም ያነሱትም የወዳጃቸው ፈረስ በእጃቸው ሲከሳ ማየቱ ከብዷቸው እንደሆነስ? ይህን የምለው ንግግራቸው ልክ ነበር ለማለት አይደለም፤ የምታናግሪያቸው ሰው የፈራውን ካወቅሽ የምትጀምሪበት ቃል ስለሚለይ ነው።

እሑድን አትጠብቂ። የሚበጣው ሰው ከመጣ በኋላ፣ ጎረቤት ቆሞ እያየ «አይሆንም» ብትያቸው፣ ጋሼ ዳማን ሳይሆን ክብራቸውን ማዳን ይይዛሉ። ዛሬ ወይም ነገ ማታ፣ ጋሪውን መልሰው ቡና ሲቀርብላቸው አናግሪያቸው። ከዚያ በፊት ግን ጠዋት የጠረግሽውን የሣር ድብልብል አንድ ጋዜጣ ላይ፣ ትኩስ ፋንድያውን ሌላ ጋዜጣ ላይ አድርገሽ አቆዪላቸው። ፋንድያውን በወንፊት አድርገሽ በውኃ እጠቢው። ደህና ያላመጠ ፈረስ ፋንድያ ውስጥ የሚቀረው ደቃቅ ነው፤ የዳማ ግን ጥፍር የሚያህል ገለባና ሙሉ የገብስ ፍሬ ከታየበት ጋሼ ራሳቸው ይፈርዱታል። ከዚያ እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር የሚውሉት እርስዎ ነዎት። ልጓም ሲያስገቡለት የሚነጥቅዎት በየትኛው ጎኑ ነው? መቼ ጀመረው?» ይመልሱልሻል፤ መልሳቸውም ለሐኪሙ ይጠቅማል። ቀጥለሽ «አፉ ተከፍቶ የመንጋጋ ጥርሱ እስኪታይ ድረስ ምንም አይቆረጥበት፣ ምንም አይተኮስበት። ሐኪሙ ሲመጣም እርስዎ ይኑሩልኝ» በይ። የጠየቅሽው ጥቂት ቀን ነውና እሺ ለማለት አይከብዳቸውም። ካልተስማሙ ደግሞ ፈረሱ የእናትሽም ነው። እናትሽ «ይቅር» ካሏቸው፣ የወዳጃቸው ሚስት ናቸውና አይጋፏቸውም።

ለምን ጥርሱን ጠረጠርኩ? ፈረስ የሚፈጭባቸው 24 መንጋጋ ጥርሶች አሉት፤ ላይ ግራና ቀኝ፣ ታች ግራና ቀኝ፣ በየረድፉ 6። እነዚህ እንደ ሰው ጥርስ ወጥተው አይቆሙም፤ በማላመጥ የሚያልቀውን ለመተካት በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከድድ እየወጡ ይሄዳሉ። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ሰፋ ያለ ስለሆነ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም። ሳይፋጭ የሚቀረው ጠርዝ እየሾለ ይመጣል፤ ላይኛው ወደ ጉንጭ በኩል፣ ታችኛው ወደ ምላስ በኩል እንደ ምላጭ ይሆናል። ጉንጩን ያቆስላል፣ ምላሱን ይቆርጣል። የልጓሙ ማሰሪያ ጉንጩን በዚያ ስለት ላይ ሲጫነው ፈረሱ ራሱን ቢነጥቅ ምን ይገርማል? ብዙ ሰው ይህን «ክፋት» ይለዋል፤ ሕመም ነው። በዳማ ዕድሜ ደግሞ የተሰነጠቀ ወይም የሚነቃነቅ ጥርስ፣ በሁለት ጥርስ መካከል ተወትፎ የበሰበሰ ሣርም ሊኖር ይችላል። አንድ ጎኑን ብቻ እያዘነበለ የሚያላምጠው አንደኛው ወገን ስለሚያመው ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ግን አፉን ከፍቶ ያየ ሰው ብቻ ነው።

አንቺ ከውጭ ሆነሽ ማየት የምትችዪው አለ። ከጎኑ ቁሚና ከዓይኑ በታች ባለው የጉንጭ አጥንት ሥር፣ በላይኛው የጥርስ ረድፍ ልክ፣ በጣቶችሽ ሆድ ቀስ እያልሽ ጫን ጫን አድርጊ። በአንደኛው ጎን ብቻ የሚሸሽ ከሆነ ጻፊው። አፉን አሽቺው። ከአንድ አፍንጫው ብቻ የሚሸት ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ የጥርሱ ሥር መግሏል ማለት ሊሆን ይችላልና ይህን አትርሺ። እጅሽን ግን አፉ ውስጥ አታስገቢ። አንደኛው ምክንያት ጣትሽ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ መኖሩ ነው፤ ለሃጭ የሚያዝረከርክና መዋጥ ያቃተው እንስሳ በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ወይም ውሻ ነክሶት ከነበረ፣ ማንም አፉን ሊነካ አይገባም። የዳማ ሕመም ወራት የቆየ ስለሆነ ያ በሽታ አይመስልም፤ እሱ ምልክቱ ከታየ በኋላ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ጥንቃቄው ግን ለሁሉም ፈረስ ነው።

የጤና ባለሙያውን ብዙ አትቀየሚው። እስቲ አስታውሺ፣ ስትጠሪው ምን ብለሽ ነበር? «ፈረሴ ከሳብኝ» ብለሽ ከሆነ፣ ከሳ የተባለ ፈረስ ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ትል ነው፤ ክኒኑን ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። «ሣሩን አላምጦ ይተፋዋል፣ ልጓም አያስነካም» ብትይው ግን አፉን ሳያይ መሄድ ይከብደዋል። ፈረስ አይናገርም፤ ሐኪሙ የሚሰማው የአንቺን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን አስቀድመሽ አዘጋጂው። በስልክ ስትጠሪም ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ደውለሽ ዶክተሩን ጠይቂ፣ «የፈረስ አፍ መክፈቻና የጥርስ ሞረድ አላችሁ?» በይ። ከሌላቸው «ማን ጋ አለ?» ብለሽ አስከትዪ። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ እንስሳት የሚታከሙበት ሆስፒታልም አለው። ፈረስ በመኪና ጭኖ እስከዚያ መሄድ ወጪም ድካምም አለበትና ቀድመሽ በስልክ አረጋግጪ፤ አማራጭ ሲጠፋ የምትሄጂበት ይሁን። እዚያው ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ደግሞ ዋና ሥራው የናሙና ምርመራ ነው። ፈረስ ይዘሽ የምትሄጂበት ሳይሆን፣ ካስፈለገ ሐኪሙ ናሙና የሚልክበት ነው።

አንድ ደብተር ያዢ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ምልክቱ የጀመረበትን ጊዜ፣ የተሰጡትን መርፌዎችና ክኒኖች ከነቀናቸው ጻፊ፤ ብልቃጡ ወይም ካርቶኑ ካለ አስቀምጪው። ከዚያ ዳማ አርፎ በቆመበት ሰዓት ሦስት ነገር ለኪ። የሙቀት መጠኑ ከ37.2 እስከ 38.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሆን አለበት። የሰው ቴርሞሜትር ይሆናል፤ ክር እሰሪበት፣ ጫፉን ቫዝሊን ቀቢ፣ ከኋላው ሳይሆን ከታፋው ጎን ቆመሽ ፊንጢጣው ውስጥ አስገቢ። የልብ ምቱ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው፤ ከታችኛው መንጋጋ አጥንት ሥር በጣትሽ ስትፈልጊ እንደ ሽቦ የምትንከባለል የደም ሥር ታገኛለሽ፣ 30 ሰከንድ ቆጥረሽ በ2 አባዢው። ትንፋሹ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ነው፤ ጎኑን እያየሽ ቁጠሪ።

ክብደቱንም ገምቺ። መድኃኒት የሚሰጠው በኪሎ ነው፤ በዓይን የተገመተ ፈረስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወይ ይበልጣል ወይ ያንሳል። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሮቹ ወዲያው ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኪ፤ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው ጫፍ ርዝመቱን ለኪ። ዙሪያውን በራሱ አባዢ፣ በርዝመቱ አባዢ፣ ለ11,877 አካፍዪ፤ የሚመጣው ኪሎ ነው። ለምሳሌ ዙሪያው 140 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 135 ቢሆን ፈረሱ 223 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ደብተሩ ላይ ጽፈሽ ስታቀርቢ ባለሙያው አንቺን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። በየ2 ሳምንቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ደግመሽ ለኪው።

ሐኪሙ ሲመጣ ጥያቄ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። «አፉን ከፍተው ያዩልኛል?» ብለሽ ጀምሪ። መድኃኒት ካወጣ «ይህ ምን ይባላል? ለስንት ኪሎ ነው የሰጡት?» በይ፤ ስሙን ይጻፍልሽ። ለከብት የተሠራ የትል መርፌ ለፈረስ እንዳይወጋ ተጠንቀቂ፤ አንገቱን ሊያሳብጥና ሊያመግል ይችላል፣ ለፈረስ የሚሆነው በአፍ የሚሰጥ ነው። ሌላ የትል መድኃኒት ከመስጠቱ በፊትም ፋንድያው ቢመረመር ይሻላል። በዚያ ቀን ጠዋት የወደቀውን ሁለት ሦስት ፍሬ በንጹሕ ፌስታል ቋጥረሽ ጥላ ውስጥ አቆዪ። በመጨረሻም «ምን ባይ ነው ልደውልልዎት የሚገባኝ?» ብለሽ ሳትጠይቂ አትሸኚው።

በወጉ የሚደረግ የጥርስ ምርመራ ምን እንደሚመስል ካወቅሽ፣ እንዳልተደረገም ታውቂያለሽ። ፈረሱ የሚያረጋጋ መርፌ በደም ሥሩ ይወጋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። አፉ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። የብረት መክፈቻ ይገባለታል። ሐኪሙ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ እያንዳንዱን ጥርስ በእጁ ይዳስሳል፣ ይቆጥራል፣ ጉንጩና ምላሱ ላይ ቁስል ይፈልጋል። ከዚያ የሾለውን ጠርዝ ብቻ በረጅም ሞረድ ይሞርዳል። ጥርሱን ሁሉ አለስልሶ መስተዋት ማድረግ የለበትም፤ ሻካራው ገጽ ነው ሣሩን የሚፈጨው። ሥራው ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ረዝሟል የተባለን ጥርስ በመሮና በመዶሻ ወይም በጉጠት እቆርጣለሁ የሚል ካለ አቁሚው፤ ጥርሱ እስከ ሥሩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለ መንጋጋ ቆልፍ መከላከያም እዚያው ጠይቂ። መርፌው ሙሉ በሙሉ እስኪለቀው፣ 2 ሰዓት ያህል፣ ምንም እንዳይበላ፤ ፈዝዞ የዋጠው ሊያንቀው ይችላል። ቁስሉ እስኪደርቅ ልጓም አይግባለት። በዚህ መካከል ልጓሙን ራሱን በጣታችሁ ዳብሱት፤ ከፌሮ የተሠራ ከሆነ የብየዳው ጫፍ ብዙ ጊዜ ሹል ነው፣ በሞረድ ይለስልስ።

ስለ መኖው ትንሽ ልቆይ፣ አሁኑኑ ልትጀምሪው የምትችዪው እሱ ነውና። 223 ኪሎ የሆነ ፈረስ በቀን ከ4 ኪሎ ተኩል እስከ 5 ኪሎ ተኩል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ዳማ ረጅም ድርቆሽ መፍጨት አልቻለም፤ ስለዚህ ለምለም ሣር ካገኘሽ እሱን አስቀድሚ፣ ድርቆሹንና ጭዱን ደግሞ አሳጥረሽ ከትፈሽ፣ በውኃ አርሰሽ ስጪው። የተሸረከተ ገብስ ሌሊቱን ዘፍዝፈሽ በቀን ግማሽ ኪሎ፣ ለሁለት ጊዜ ከፍለሽ ጀምሪለት፤ በየ4 ቀኑ ሩብ ኪሎ ጨምሪ፣ በአንድ ጊዜ ግን ከ1 ኪሎ አይለፍ። በአንድ ጊዜ የሚጨመር እህል ሆዱን ይነፋዋል፤ ኮቴውንም ሊያቃጥለው ይችላል። ፉርሽካ እንደ ማጣፈጫ፣ አንድ ሁለት እፍኝ ይበቃል። ብዙ ሰው የከሳ ፈረስ በፉርሽካ ይወፍራል ብሎ ያስባል፤ ነገር ግን ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ስለሆነ ለወራት ዋና መኖ ሲሆን አጥንት ያሳሳል፣ ፊትን ያሳብጣል፣ ጥርስንም ያነቃንቃል። ሻጋታ የነካው ፋጉሎ አይቅረብ። ከሁሉ በላይ የዶሮ መኖ እንዳትሰጪው! አንዳንዱ ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ይገባበታል፤ ዶሮ ይጠቅማል፣ የፈረስን ልብ ግን በጥቂቱ ይገድላል። ውኃ በሥራ ቀን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያህል ይቅረብለት፤ ጨውም ከፊቱ አይጥፋ።

ገንዘቡ እንደሚያስጨንቅሽ ይገባኛል። የጎን አጥንቱ የሚቆጠር ፈረስ ግን ሙሉ ቀን ጋሪ እየጎተተ አይወፍርም፤ ይህን ለስለስ አድርጌ ልነግርሽ አልችልም። እንደ እኔ ጥርሱ ከተሠራለት በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ይረፍ፣ ቀጥሎ ሁለት ሳምንት ግማሽ ቀን፣ ቀላል ጭነት፣ ዳገት የሌለበት መንገድ። ጋሪው የእናንተ ነው፤ ጋሼ ለእነዚያ ሳምንታት ሌላ ፈረስ ተከራይተው በዚያው ጋሪ ቢሠሩ እሳቸውም አይራቡም፣ ለእናንተም ጥቂት ይተርፋል። ይህን ሐሳብ አንቺ ቀድመሽ ብታቀርቢው ደግሞ የፈሩት ነገር ይቀልላቸዋል። ወንድሞችሽንስ ነግረሻቸዋል? «ለዳማ» ብለሽ ብትጠይቂያቸው ሊያመነቱ ይችላሉ፤ «የእናታችንን የሦስት ሳምንት መድኃኒት ያዙልኝ» ማለት ግን ቁርጥ ያለ ጥያቄ ነው። ብቻሽን የያዝሽውን ሸክም እነሱ ላያውቁት ይችላሉ።

ሐኪሙን ሌሊትም ቢሆን የምትደውዪለት መቼ ነው? በደንብ ያልተላመጠ ሣር አንጀት ሊዘጋ ይችላል። መሬት ከጎደፈረ፣ ጎኑን እየዞረ ካየ፣ ከተንከባለለ፣ ፋንድያ መጣል ካቆመ፣ ልቡም አርፎ ቆሞ በደቂቃ ከ60 በላይ ከመታ አትጠብቂ። አንገቱን ዘርግቶ በአፍንጫው የተላመጠ ሣርና ለሃጭ ከወጣ ታንቋል፤ መኖውንም ውኃውንም ከፊቱ አንሺ። ሰው ዘይት ወይም ውኃ በጠርሙስ እናጠጣው ቢል አትፍቀጂ፣ ወደ ሳንባው ይሄዳል። መንጋጋው ከደረቀ፣ ጆሮው ከቆመ፣ የዓይኑ ውስጠኛ ሽፋን ተስቦ ከመጣ መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላልና ጨለም ያለ፣ ጸጥ ያለ ቦታ አድርገሽው ወዲያው ጥሪ።

ጥርሱ ታይቶ ደህና ከሆነስ? እንግዲያው ቀጥሎ የፋንድያው ውጤት፣ ከዚያም ደሙ ይታያል፤ ያም ቢሆን የጠፋ ጊዜ የለም፣ አንድ በር ተዘግቷል። ጥርሱ ከሆነ ግን ከተሞረደ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ድብልብሉ ከጋጣው ይጠፋል፤ ክብደቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የሚቀጥለውን ምርመራ ለሰኔ፣ ክረምቱና ጭቃው ሳይበረታ፣ ያዢ። በዕድሜ የገፋ ፈረስ በየ6 ወሩ ቢታይ ጥሩ ነው። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ያመርታልና የዳማ ተራ መቼ እንደሆነ ከዚያው ሐኪም ጠይቂ፤ በሽታውን የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚበዙት ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ስለሆነ ክትባቱ ከዚያ መቅደም አለበት።

ለጋሼ ዛሬ ማታ ቡናውን አፍዪላቸው። ላንቃ የሚበጣው ሰው ሳይነገረው ቀርቶ እሑድ ጠዋት ከመጣም፣ እሱም ቡናውን ጠጥቶ ይመለስ፤ ዳማ ግን ከጋጣው አይውጣ።